ተጨማሪ መረጃ፦ ኪንግስኔክ ለምን ብቻውን ያድጋል?

በአሜሪካ ሰዎች በየቤታቸው ከሚያሳድጓቸው እባቦች አንዱ የካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ ነው። መርዝ የለውም፤ ከእንቁላል ሲወጣ ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህን እባብ ከልጅነቱ የሚያሳድግ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት እባቡ ከሌላ እባብ ጋር በአንድ ሣጥን መኖር እንደሌለበት ነው። ምክንያቱ አመጋገቡ ነው። ኪንግስኔክ በዱር አይጥና እንሽላሊት ብቻ ሳይሆን ሌሎች እባቦችንም ያድናል፤ ራትልስኔክ የተባለውን እባብ መርዝ ስለሚቋቋም እሱን ሳይቀር ተጠምጥሞ ከገደለ በኋላ ይውጠዋል። ለራሱ ዝርያም አይራራም።

“አብረው የተፈለፈሉ ናቸው፤ ከጠገቡ ለምን ይነካካሉ?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥጋብ ግን አስተማማኝ ጠባቂ አይደለም። እባብ በምላሱ የለቀመውን ሽታ ላንቃው ላይ ባለ ልዩ የስሜት አካል ይለያል፤ አይጥ የበላው ጓደኛው አይጥ አይጥ ከሸተተው የሚነክሰው እሱን ነው። “ብቻውን ይከፋዋል” የሚለው ስጋትም ከሰው ጠባይ የተወሰደ ነው፤ ኪንግስኔክ በተፈጥሮው ብቸኛ ነው። ይልቅ የሚያስፈልገው አንዱ ጎኑ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሞቅ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ሣጥን፣ ጠበብ ያለ መደበቂያና ንጹሕ ውሃ ነው። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ሾልኮ ይወጣል። ገና ትንሽ ሳለ ፀጉር ያላበቀለች የሞተች የአይጥ ልጅ በሳምንት አንዴ ትበቃዋለች፤ ከበላ በኋላ ለ2 ቀን ያህል ሳይነካ ካልተተወ ምግቡን ሊያስመልስ ይችላል።