ያውቁ ኖሯል? ከዛሪማ ሆኖ አውሮፓ ውስጥ የሶፍትዌር ኩባንያ ስለመክፈት

ከደባርቅ ተነስተው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው ወደ አዲአርቃይ ሲያቀኑ ዛሪማን ያገኟታል። የአካባቢው ልጆች ኮምፒውተር መማር የሚችሉባቸው የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ኮድ መጻፍ የቻለ ወጣት አንድ ቀን ማንሳቱ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ "አውሮፓ ውስጥ ኩባንያ መክፈት እችላለሁ ወይ?" መልሱ "ይቻላል" ነው። ነገር ግን ሥራን ማሻገርና ሰውን ማሻገር በአውሮፓ ሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቀጥለው የቀረቡት እውነታዎች ይህን ልዩነት ያሳያሉ።

ካርዱና ኩባንያው

• የሕዝቧ ቁጥር 1.4 ሚሊዮን የማይሞላው የባልቲኳ አገር ኤስቶኒያ ከኅዳር 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ አገር ዜጎች "የኢ-ነዋሪነት" መታወቂያ እንደምትሰጥ ያውቁ ኖሯል? ካርዱን የያዘ ሰው ዋና ከተማዋን ታሊንን ሳይረግጥ በኢንተርኔት ኩባንያ ማስመዝገብ፣ ውል መፈረምና ግብር ማሳወቅ ይችላል። እስካሁን ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ወስደውታል።

• ይህ ካርድ ቪዛ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ዜግነትም አያሰጥም። ኤርፖርት ላይ ቢያሳዩት አያስገባዎትም። "የአውሮፓ ነዋሪነት ላውጣልህ" የሚል ደላላ ይህን ካርድ ቢጠቅስልዎ፣ ድንበር የማያሻግር ነገር እየሸጠልዎ ነው።

• ማመልከቻውን በኤስቶኒያ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አመልካቹ ራሱ መሙላት ይችላል። የአገሪቱ ፖሊስና ድንበር ጥበቃ የአመልካቹን ማንነት ያጣራል። ካርዱ የሚሰጠውም ሰውየው በተመደበው ቦታ በአካል ቀርቦ አሻራ ሲሰጥ ነው።

• ኤስቶኒያ ኃላፊነቱ ለተወሰነ የግል ኩባንያ ትጠይቅ የነበረው ዝቅተኛ ካፒታል 2,500 ዩሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ወዲህ ግን አንድ ባለድርሻ በ1 ሳንቲም መጀመር ይችላል። ኔዘርላንድስ ይህን መንገድ የከፈተችው ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

• ካፒታሉ ሳንቲም ሆነ ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። የመመዝገቢያ ክፍያ አለ። የኩባንያው ኃላፊ የሚኖረው ውጭ አገር ከሆነ፣ ኤስቶኒያ ውስጥ ሕጋዊ አድራሻና ደብዳቤ የሚቀበል ተጠሪ በክፍያ መያዝ አለበት። የሒሳብ ሥራም በየዓመቱ ይከፈልበታል።

• ኩባንያው ስለተመዘገበ ብቻ ባንክ ሒሳብ አይከፍትለትም። የሚወስነው ባንኩ ነው። ባንኩም ደንበኞችዎ እነማን እንደሆኑ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ከዚያች አገር ጋር ምን የሥራ ግንኙነት እንዳለዎት ይጠይቃል።

የጀርመን መንገድ

• ጀርመኖች "ጌ-ኤም-ቤ-ሃ" የሚሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከዐድዋ ድል 4 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሚጠይቀው ካፒታል 25,000 ዩሮ ሲሆን፣ ሲመዘገብ ቢያንስ 12,500ው መግባት አለበት።

• ይህ ገንዘብ ለሌለው፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 በ1 ዩሮ የሚከፈት አነስተኛ ኩባንያ ፈቅዳለች። ይህ ኩባንያ ግን ካፒታሉ 25,000 ዩሮ እስኪደርስ ድረስ ከየዓመቱ ትርፍ ሩቡን ማስቀመጥ አለበት።

• ጀርመን ውስጥ የመመሥረቻ ጽሑፉ የሚጸድቀው በኖታሪ፣ በእኛ አነጋገር በውልና ማስረጃ ሹም ፊት ነው። ሹሙ ሰነዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለፈራሚዎቹ ያነብባል። ሕጉ እንዲህ ያዘዘው ማንም ያልገባውን እንዳይፈርም ነው።

ሰውየውስ መቼ ይሻገራል?

• ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ አዲስ ሐሳብ ላላቸው ጀማሪ ድርጅት መሥራቾች የ1 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። አመልካቹ መንግሥት ከሚያውቀው አማካሪ ድርጅት ጋር መሥራትና ለዓመቱ መኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት።

• ጀርመንም የራሳቸውን ሥራ ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች የመኖሪያ ፈቃድ አላት። የሥራው ዕቅድና የገንዘብ ምንጩ ይመረመራል። ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ አመልካች በመርሕ ደረጃ የጡረታ ዋስትናውንም ማሳየት ይጠበቅበታል።

• በሁለቱም አገሮች መጀመሪያ የሚታየው ሥራው ነው። በመተማ በኩል በረሃ ለማቋረጥ የሚያስብ ወንድም ወይም እህት ካለዎት፣ በሙያ የሚገባበት ሕጋዊ በር መኖሩን ይንገሯቸው። በሩ ጠባብ ነው፤ ሕይወት ግን አያስከፍልም።

ግብር፣ ቫትና መብት

• ኤስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ኩባንያው ውስጥ የቀረ ትርፍ ላይ የገቢ ግብር አትጥልም። ግብሩ የሚመጣው ትርፉ ለባለድርሻዎች ሲከፋፈል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ "ግብር የሌለበት አገር" ይላል፤ ስህተት ነው።

• በዚያ ላይ የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድን ድርጅት የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው የሚለው እዚህ ሲቋቋም ብቻ አይደለም። ውሳኔ የሚሰጥበት ዋና ሥራ አመራሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነም ነዋሪ ነው። ታሊን የተመዘገበ፣ ዛሪማ ተቀምጠው የሚመሩት ኩባንያ እዚህም ግብር ከፋይ ሊሆን ይችላል።

• ለአውሮፓ ተጠቃሚ በኢንተርኔት የሚሸጥ አገልግሎት ቫት የሚከፈልበት በመርሕ ደረጃ በገዢው አገር ተመን ነው። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ ይሠራል። ለፓሪስ ደንበኛ የሚሰላው የፈረንሳይ፣ ለሮም ደንበኛ የሚሰላው የጣሊያን ቫት ነው።

• እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የግል ዳታ ጥበቃ ደንብ ከአውሮፓ ውጭ ያለን ድርጅትም ይይዛል። ደባርቅ ሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት የሚመጡ አውሮፓውያንን የሚመዘግብ መተግበሪያ ቢሠሩና አገልግሎቱን እዚያ ላሉ ሰዎች ቢያቀርቡ፣ ደንቡ እርስዎንም ይመለከታል። ከፍተኛው ቅጣት 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. የራሳችንን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥተናል።

• በአውሮፓ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲሁ በራሱ ፓተንት አይሰጠውም። የሚጠበቀው እንደ መጽሐፍ በቅጂ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 የሶፍትዌር ፓተንትን የሚመለከት ረቂቅ ቀርቦ የአውሮፓ ፓርላማ በ648 ድምፅ ለ14 ጥሎታል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ሰጥታለች።

የቀደሙት ምን አደረጉ?

• ስካይፕን እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ያቀረቡት መሥራቾች ስዊድናዊና ዴንማርካዊ ነበሩ፤ ፕሮግራሙን የጻፉት ግን የኤስቶኒያ ልጆች ናቸው። ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በግንቦት 2025 አገልግሎቱ ተዘጋ። ከስካይፕ የወጡ ሰዎችና ያገኙት ገንዘብ ግን ኤስቶኒያ ውስጥ ሌሎች ኩባንያዎችን ወልደዋል።

• ገንዘብ አስተላላፊው ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው በሁለት ኤስቶኒያውያን ነው። አንዱ የስካይፕ የመጀመሪያ ሠራተኛ ነበር። ሐሳቡ የመጣላቸው አንደኛው በዩሮ፣ ሌላኛው በፓውንድ ደመወዝ እየተቀበሉ በምንዛሪ ክፍያ ሲማረሩ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1652፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ገብተው ለጀርመናዊው ምሁር ለኢዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ቋንቋዎቿ አስተማሩት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ታተሙ።

• ዛሬ ደግሞ በርሊን ውስጥ "ልሳን" የተባለ ጀማሪ ኩባንያ አማርኛንና ትግርኛን የሚተረጉም ሶፍትዌር ይሠራል። ከመሥራቾቹ አንዱ አስመላሽ ተካ ሐድጉ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛና የትግርኛ ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ፣ ከወረቀት ላይ ፊደላችንን የሚያነብ ፕሮግራም ሠርተው የታተሙ ጽሑፎችን ለማሽኑ ማስተማሪያ አደረጓቸው። አስመላሽ አውሮፓ ውስጥ ይዞት የተነሣው ሥራ ከአገሩ ቋንቋዎች የተገኘ ነው።

• እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የተቻለው ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3ኛው እትሙ ነው።

አገር ቤትስ?

• በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 2 ሰው ያስፈልግ ነበር። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

• በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥርም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸና ነው። ኤስቶኒያ ዲጂታል መታወቂያዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር፤ እኛ ዘግይተን ጀመርን እንጂ መንገዱ አንድ ነው።

• የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ቢይዝ ያለ ቪዛ ይገባል፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብትም ኢንቨስት ማድረግ ይችላል። ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር የሚጠየቀው የውጭ ባለሀብት ነው። በርሊን ወይም ስቶክሆልም ያለ የጎንደር ልጅ ደባርቅ ላይ የሶፍትዌር ቢሮ ለመክፈት በሩ ክፍት ነው።

• ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለኢንቨስትመንት የውጭ ምንዛሪ መላክ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚመራ ጉዳይ ነው። ለኩባንያው ገንዘብ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባንክዎን ይጠይቁ።

አንባቢ ሆይ፣ አውሮፓ ውስጥ ኩባንያ ማስመዝገብ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ደንበኛ የማያገኝ ኩባንያ ታሊንም ቢመዘገብ ዛሪማ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛ ሥራ ይሥሩ፤ ከዚያ የሁለቱን አገሮች ሕግ ያንብቡ፤ የግብር ባለሙያም ያማክሩ። ለደላላ የሚከፍሉት ገንዘብ ካለዎት፣ ለላፕቶፕና ለኢንተርኔት ያውሉት።