ያውቁ ኖሯል? የዩራኒየም ዋጋ ሲንር የኑክሌር መብራት ዋጋ አብሮ አይንርም

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ካናዳ ውስጥ የሚገኘው የሲጋር ሌክ የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ ገና ግንባታ ላይ እያለ በውኃ ተጥለቀለቀ። ገበያው ደነገጠ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከ15 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው አንድ ፓውንድ ዩራኒየም ኦክሳይድ በ2007 አጋማሽ ከ130 ዶላር በላይ አወጣ። የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ወጪ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ምስጢሩ ነዳጁ ውስጥ የታመቀው ኃይል ነው። 10 ግራም እንኳ የማትሞላ፣ ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ጥቁር እንክብል የአንድ ቶን ድንጋይ ከሰል ያህል ኃይል ትሰጣለች! በዚያ ላይ ጥሬው ዩራኒየም ከነዳጁ ዋጋ ከፊሉ ብቻ ነው፤ ማበልጸጉና እንክብል አድርጎ መሥራቱም የየራሳቸው ወጪ አላቸው። ስለዚህ የዩራኒየሙ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር የኤሌክትሪኩ ወጪ ከፍ የሚለው ከአንድ አሥረኛ ባነሰ መጠን ነው፤ የተፈጥሮ ጋዝ በእጥፍ ቢወደድ ግን የጋዝ ማመንጫው ወጪ ከግማሽ በላይ ያሻቅባል። ገዢዎችም ዩራኒየሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከዓመታት በፊት በተፈረመ ውል ነው።

የኑክሌር ኤሌክትሪክን በእርግጥ የሚያስወድደው ግንባታውና የብድር ወለዱ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የቮግትል ጣቢያ ሁለት አዳዲስ ማብላያዎች ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል፤ ዩራኒየም የቱንም ያህል ቢረክስ ይህን ዕዳ አያቃልልም።