ሰባተኛውን ዓመት በስድስተኛው ማሰናዳት፦ የአገልጋዮች ረጅም ፈቃድ እንዴት ይታቀዳል?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው እግዚአብሔር ምድሪቱ በየሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ አዝዟል። ሕዝቡ ስለ ምግቡ እንደሚጨነቅ ዐውቆም በስድስተኛው ዓመት ለሦስት ዓመት የሚበቃ በረከት ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ዕረፍት ስንቅ ያሻዋል፤ ስንቁም የሚሰናዳው አስቀድሞ ነው።

በአጥቢያዎቻችን ግን ረጅም ፈቃድ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ችግር ከደረሰ በኋላ ነው። ሒሳብ ሹሙ ወላጁን ለማስታመም፣ ካህኑ ትርጓሜ ለመማር፣ የልማት ኮሚቴው ጸሐፊ ሱባኤ ለመግባት በድንገት ሲነሡ ሥራው ይታወካል። አገልጋዩም ወይ ሳይሄድ ይቀራል፣ ወይ ሥራውን ለቅቆ ይሄዳል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲመክሩባቸው እናሳስባለን።

የፈቃዱን ዓይነት መለየት፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ለወራት የሚዘልቅ ፈቃድ ግን በስምምነት የሚሰጥ ነው። በመሆኑም ምክንያቱ፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የደመወዙና የጡረታ መዋጮው ሁኔታ በጽሑፍ ሰፍሮ በቃለ ጉባኤ ሊጸድቅ ይገባል።

ተተኪ ማዘጋጀት፦ በተራ ማገልገል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙነኛው ካህን ሳምንቱን ሲፈጽም ለተረኛው ያስረክባል። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ስለሚሻ፣ ልዑካን በጥቂቱ ባሉበት የገጠር አጥቢያ የአንድ ካህን መሄድ ቅዳሴውን ሊያስታጉል ይችላል። ፈቃዱ ከመጽደቁ በፊት ከአጎራባች አጥቢያና ከወረዳ ቤተ ክህነት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ገንዘቡን ማስላት፦ ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚከፈለው አገልጋይ ያለ ደመወዝ ለ3 ወር ቢሄድ 18,000 ብር ያስፈልገዋል። ይህንንም በወር 750 ብር በማስቀመጥ በ24 ወር ያገኘዋል። አጥቢያውም ያልከፈለውን ደመወዝ ለተተኪው ሊያውለው ስለሚችል አዲስ ወጪ ላይገጥመው ይችላል።

ርክክብ መፈጸም፦ ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተርና የፕሮጀክት ሰነድ በዝርዝር ተቆጥረው በምስክር ፊት ይረከባሉ። የባንክ ፈራሚም ለውጡ በወቅቱ ይደረግ። በተለይ ሒሳብ ሹምነትንና ገንዘብ ያዥነትን «ለጊዜው ነው» ብሎ ለአንድ ሰው ደርቦ መስጠት አይገባም፤ ይህ አሠራር ታማኙን አገልጋይ እንኳ ለሐሜት ያጋልጣል።

ወቅቱን መምረጥ፦ ዐቢይ ጾምና ሰሙነ ሕማማት ለካህናት፣ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ ለሒሳብ ሠራተኞች፣ የዓመታዊ ንግሥ ሰሞን ደግሞ ለሁሉም አይመቹም።

መመለሻውን ማሰብ፦ ተመላሹ ወደ ቀድሞ ቦታው እንደሚገባ አስቀድሞ ይረጋገጥለት። ሲመለስም ከተተኪው ጋር ጥቂት ቀናት አብሮ ይሥራ፤ የቀሰመውን ትምህርትም ለአጥቢያው ያካፍል።

ፈቃድ የሚጠይቅ አገልጋይ እንደ ሰነፍ ሊቆጠር አይገባም። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ከስብከት ሲመለሱ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል። ሰበካ ጉባኤያት በቀጣዩ ስብሰባቸው ከአገልጋዮቻቸው መካከል በመጪዎቹ ሁለት ዓመታት ረጅም ፈቃድ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ስንቁን ለማሰናዳት በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።