ካፓሲተር፦ የፓወር ሰፕላዩ ሮቶ

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖር ሰው የሮቶን ጥቅም አይነገረውም። ውሃ ሲመጣ ይሞላል፤ ሲሄድ ቤቱን ይዞ ይቆያል። የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ ዲሲ በሚቀይር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ከዳዮዶቹ ቀጥሎ የሚቆመው ትልቁ ካፓሲተር ነው።

እዚያም ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው በፈረቃ ነው። የመስመራችን ኤሲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አራቱ ዳዮዶች ምልልሱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞሩት በየ10 ሚሊሴኮንዱ አንድ ጉብታ ይወጣል። አንዱ ጉብታ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ ጭነቱን የሚመግበው ካፓሲተሩ ብቻ ነው።

ስንት ማይክሮፋራድ ይበቃል? ጭነቱ የሚስበውን አምፔር በ0.01 ሴኮንድ ያባዙና እንዲወርድ በፈቀዱለት ቮልት ያካፍሉ። ለ1 አምፔርና ለ2 ቮልት መውረድ 5,000 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ገበያ ላይ ቅርቡ 4,700 ነው፤ ይበቃል። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ 22,000 መትከል ግን ዳዮዶቹን ሊጎዳ ይችላል፤ ማብሪያው በተጫነ ቁጥር ባዶውን ጋን ለመሙላት የሚሮጠው ኩረንት በእነርሱ በኩል ነውና።

ቀጥሎ ቮልቱ። ከካፓሲተሩ ቀጥሎ ሆኖ ቋሚ 12 ቮልት የሚሰጠው 7812 ሬጉሌተር በመግቢያው ቢያንስ 14 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ከዳዮዶቹ በፊት 220ውን ዝቅ የሚያደርገው፣ 15 ቮልት የተጻፈበት ትራንስፎርመር ጫፉ ወደ 21 ይደርሳል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ያህል ሲወስዱ 20 ይቀራል። ሲወርድም 18 ላይ ስለሚቆም ሬጉሌተሩ አይቸገርም። ታዲያ የ25 ቮልት ካፓሲተር አይበቃም? ጭነት የሌለበት ትራንስፎርመር ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል፤ መስመሩም አንዳንዴ ከፍ ይላል። ባለ 35 ቮልቱን ይግዙ።

ትልቁ ካፓሲተር ፈጣን ሁከትን ለመያዝ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ በሬጉሌተሩ መግቢያ 0.33፣ በመውጫው 0.1 ማይክሮፋራድ ይተከላሉ፤ እግሩ ሥር መሆን አለባቸው። በረጅም ሽቦ ከራቁ ሬጉሌተሩ ራሱ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል።

ሙቀትንም አይርሱ። በትልቁ ካፓሲተር አካል ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ተጽፎ ያገኛሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሬጉሌተሩ ከታሰረበት ከሚግለው አሉሚኒየም ያርቁት። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካዩ መቀየሪያ ጊዜው ደርሷል። ሲተክሉ ደግሞ ወፍራሙ መስመር የኔጌቲቩን እግር እንደሚያሳይ ያስተውሉ፤ ተገልብጦ ከገባ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

አሮጌውን ሲተኩ ማይክሮፋራዱ በጥቂቱ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ችግር የለውም። ቮልቱ ግን ከነበረው አንሶ አይተካ።