የቸኮለ እጅ ለምን ይስታል?

አንድ ቀን በሳይንስ ክፍል አሲድ ከጠርሙስ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ስቀዳ፥ ደወል ሳይደወል ለመጨረስ ቸኮልሁና ጠረጴዛው ላይ አፈሰስሁት። መምህራችንም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲሉ ተረቱብኝ። አሲድ ግን አይለቀምም! እጄ ሳይቃጠል ቢቀርም፥ እጅ ሲፈጥን ለምን እንደሚስት ለማወቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተመኘሁ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ሮበርት ዉድዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ይህንኑ መርምሮ ነበር። ሰዎች በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ ርዝመታቸው እኩል የሆነ መስመሮችን በእርሳስ እንዲያሰምሩ አደረገ፤ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ከፍተው፥ አንድ ጊዜም ጨፍነው። በዝግታ ሲያሰምሩ ዓይን መክፈቱ እጅግ ጠቀመ። ፍጥነቱ በደቂቃ 140 መስመር ያህል ሲደርስ ግን መክፈትና መጨፈን ልዩነት አልነበረውም።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። እጅ ወደ ዒላማ ሲሄድ ሥራው በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያ አእምሮ አቅጣጫውንና ኀይሉን ወስኖ እጅን ይልከዋል። ቀጥሎም እጅ ሲቀርብ ዓይን ስሕተቱን አይቶ እንዲቃና ያደርጋል። ነገር ግን ዓይን አይቶ፥ አእምሮ ፈርዶ፥ ጡንቻ እስኪታዘዝ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያስፈልጋል። እጅ ከዚህ ቀድሞ ከደረሰ፥ ከደጋን እንደ ወጣ ፍላጻ ሊመለስ አይችልም።

ርቀትስ? በ1954 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ፖል ፊትስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሊቅ ሰዎች ሁለት የብረት ዝርግ ሰሌዳዎችን በዘንግ እያፈራረቁ እንዲነኩ አደረገ። ሰሌዳዎቹ ሲራራቁ ወይም ሲጠብቡ እጅ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ርቀቱም ስፋቱም አብረው በእጥፍ ሲጨምሩ ግን ጊዜው ያው ሆነ ማለት ይቻላል። እንግዲህ አስቸጋሪው ርቀት ብቻ ሳይሆን፥ ርቀት ከዒላማው ጥበት ጋር ሲመዛዘን ነው።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን ራሳችሁ ፈትኑት። በደብተራችሁ ላይ ምስር የምታህል ሁለት ክብ በአንድ ስንዝር ርቀት ሣሉ። በእርሳስ ጫፍ እያፈራረቃችሁ በመጀመሪያ በዝግታ፥ ኋላም በጥድፊያ 20 ጊዜ ንኩ። ከክቡ ውጭ ያረፉትን ነጥቦች ብትቈጥሩ መልሱን ታገኛላችሁ።

ከዚህ የምንማረው ሁልጊዜ እንድንንቀራፈፍ አይደለም። መንገዱን ፈጥነን ልንሄድ እንችላለን፤ ወደ ዒላማው ስንቀርብ ግን ዓይን እንዲያቃናን ጊዜ እንስጠው። እኔም ዛሬ ጠርሙሱን ፈጥኜ አነሣለሁ፤ ከብርጭቆው አፍ ስደርስ ግን ደወሉ ቢደወልም ዝግ እላለሁ።