የዐረፋ ሥጋና የኤሌክትሪክ ማጠኛ

ዐረፋ ባለፈ በማግስቱ በየቤታችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። የዘመዱ፣ የጎረቤቱና የሚስኪኑ ድርሻ ከወጣ በኋላ ለቤተሰቡ የተረፈውን ሥጋ ምን እናድርገው? ማቀዝቀዣ ያለው እዚያ ውስጥ ያጭቀዋል። የሌለው ዘልዝሎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሶ በገመድ ላይ ይሰቅለዋል። በእኛ ቤት ግን ከሁለት ዐረፋ ወዲህ ሦስተኛ መንገድ ገብቷል። አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ለእረፍት ሲመጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሥጋ ማጠኛ ይዞልን መጣ፤ እነሱ «ስሞከር» ይሉታል። አስደስቶናልም፣ አሳዝኖናልም። ውድ አንባቢያን፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ያሰባችሁ ወይም ዘመድ ሊልክላችሁ የጠየቃችሁ ካላችሁ፣ እኛ የደረሰብን እናንተ ላይ ሳይደርስ ብታነቡት ብለን ይህን ጻፍን።

ጢስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ አጥበው፣ የወይራ እንጨት ለኩሰው፣ ጢሱን ዕቃው ውስጥ አፍነው ያጥናሉ። እርጎው መልካም ሽታ እንዲኖረው ብቻ አይደለም፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ነው። ቋንጣውም ቢሆን በገጠር ከምድጃው በላይ ይሰቀል የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር ስንማር እንደተረዳነው፣ ከእንጨት ጢስ ውስጥ ፌኖልና አሲድ የሚባሉ ነገሮች ይወጣሉ፤ እነዚህም ጀርሞችን ያዳክማሉ፣ ስቡም ቶሎ እንዳይሻግት ያደርጋሉ። ነገር ግን ጢሱ የሚደርሰው የሥጋውን ቆዳ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ይህን አንድ ነጥብ ያልያዘ ሰው ማጠኛ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥጋ ማስቀመጡን በተመለከተ ጥርጣሬ ያደረባቸው አንዳንድ ወገኖች ጠይቀውናል። የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ዓመት የዑድሒያን ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ ማቆየትን የከለከሉት ከገጠር ወደ መዲና የገቡ ችግረኞች ስለነበሩ፣ ሥጋው እንዲዳረሳቸው ነው። በኋላ ግን እንዲበሉ፣ እንዲያበሉና እንዲያስቀምጡ ፈቅደዋል። እንግዲህ ማስቀመጡ ችግር የለበትም። ጥያቄው እንዴት ነው የሚቀመጠው የሚለው ነው።

ዕቃው ምን ይመስላል? ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ ግድግዳው ሙቀት እንዳያስወጣ የተሸፈነ የብረት ሳጥን ነው። ከታች እንደ ምድጃ ሽቦ ያለ ማሞቂያ አለው። ከማሞቂያው በላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳህን፣ ከዚያ በላይ የውሃ ሳህን፣ ከዚያ ሥጋው የሚደረደርባቸው የሽቦ መደርደሪያዎች፣ ከላይ ደግሞ የጢስ መውጫ። ማሞቂያው ሳጥኑን ያሞቃል፣ ፍቅፋቂው ሳይነድ ይጨሳል፣ ውሃው አየሩን ያረጥበዋል። የሙቀት መቆጣጠሪያው የተፈለገው ሙቀት ሲደርስ መብራቱን ይቆርጣል፣ ሲቀንስ መልሶ ይሰጣል። ሥራው ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ ፍጆታውም ቢሆን ከምጣዱ በጣም ያነሰ ነው። አብዛኞቹ የቤት ማጠኛዎች 800 ዋት አካባቢ ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳያችን። ዘመዳችን ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ ሶኬት ውስጥ ሊሰካ ሲል፣ ጎረቤታችን የሆነው የመብራት ሠራተኛ ለሰላምታ ገብቶ ነበርና እጁን ያዘው። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አሳየን። 120 ቮልት ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። «ምናለበት፣ ትንሽ በፍጥነት ይሞቃል» የሚል ሰው እንዳይኖር ሒሳቡን እንሥራው። ለ120 ቮልት የተሠራ የ800 ዋት ማሞቂያ ተቃውሞው 18 ኦም ነው። በዚያ ላይ 220 ቮልት ቢለቀቅበት የሚያወጣው ኃይል ወደ 2,700 ዋት ይጠጋል። ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ሽቦው ወዲያው ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስተምር ኖረን በቤታችን ሊያመልጠን ነበር።

ስለዚህ ማጠኛ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ወይም የመስተዋት በሩን አይደለም፤ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክ ከሆነ 120 ቮልት መሆኑ አይቀርም። ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው፤ ቢሆንም አይታመንም፣ ማየት ነው። እኛ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛን። ከዕቃው ፍጆታ በላይ የሚችል መሆን አለበት፤ ለ800 ዋት ቢያንስ የ1,200 ዋት ቢሆን ይመረጣል። ትራንስፎርመሩ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ዘመዳችንን «ይቅርብህ፣ ሌላ አምጣልን» እንለው ነበር። ለስጦታ እንዲህ ማለት ይከብዳል እንጂ።

ከቮልቱ ቀጥሎ የምንመክረው ፍቅፋቂውን ከውጭ በኩል መጨመር የሚቻልበትን ዓይነት ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚሸሽ። የሙቀት ልኩ በፋራናይት ብቻ የተጻፈ ከሆነ ግራ አትጋቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው 225 ፋራናይት 107 ሴልሺየስ መሆኑን በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ይበቃል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። መስተዋት በር አያስፈልግም፣ በአንድ ቀን በጥላሸት ይጋረዳል። የሚያስፈልገው ግን ለብቻው የሚሸጥ፣ ሥጋው ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ነው። ማጠኛውን ገዝቶ ይህን ያልገዛ ሰው ግማሹን አልገዛም።

በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አላችሁ። በሱቅ የሚሸጠው የታጠነ ሥጋ ከአሳማ ጋር በአንድ ቤት የታጠነ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮው ሐላል ቢሆን እንኳ። ሐላል ሥጋ ገዝቶ ቤት ማጠን ይህን ጭንቀት ይቀርፋል። ፍቅፋቂ ስትገዙ ግን የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ። ከዊስኪ በርሜል ተፈልጦ የተሠራ ፍቅፋቂ በገበያ ላይ አለ። ሌላ እንጨት በሞላበት አገር እሱን በመደርደሪያው ላይ ትቶ ማለፍ የሚከብድ አይመስለንም።

እዚህ አገር ፍቅፋቂ በከረጢት መግዛት አያስፈልግም። ወይራ አለን። የኮክ፣ የማንጎና የብርቱካን ደረቅ ቅርንጫፍም ጥሩ ጢስ አለው። ጽድና ባሕር ዛፍ ግን አይሆኑም፤ ሙጫቸውና ዘይታቸው ሥጋውን ያመረዋል። ቅንጭብን የመሰለ ወተት የሚወጣው መርዘኛ ተክል ፈጽሞ አይነካም። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኮምፖንሳቶና ከግንባታ የተረፈ እንጨትም እንደዚያው። መጠኑን በተመለከተ አማታችን ሐጃ በመጀመሪያው ቀን ሁለት እፍኝ ሙሉ ጨመሩበትና ግቢያችን ደመና ለበሰ፤ ሥጋውም መድኃኒት መድኃኒት አለ። አንድ ጭብጥ ይበቃል። የሚፈለገው ቀጭን፣ ሰማያዊ የሚመስል ጢስ ነው። ነጭና ወፍራም ጢስ ሲወጣ ካያችሁ ፍቅፋቂው በዝቷል ወይም እርጥብ ነው።

አሠራሩ ረጅም ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይከብድም። አዲስ ዕቃ ሥጋ ሳይገባበት ለሦስት ሰዓት ያህል በባዶው ይሞቃል፤ የፋብሪካ ዘይቱ እንዲቃጠል ነው። ሥጋው ከዋዜማው በጨው ይታሻል፤ ለአንድ ኪሎ ከ15 እስከ 20 ግራም ይበቃል። ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ ሥጋ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ አይገባም። ማጠኛው ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። «ኤሌክትሪክ ነውና ወጥ ቤት ውስጥ ቢሆን ምናለ» የሚሉ አሉ፤ የሚጨሰው ግን እንጨት ነው፣ ጢሱም እንደ ከሰል ጢስ የሚገድል ጋዝ አለበት። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አትጠቀሙ።

የበግ ጭን በ107 ዲግሪ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሰዓት ቆጥሮ ማውጣት ስሕተት ነው፣ ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ለዶሮ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለተፈጨ ሥጋ 71፣ ላልተፈጨ የበግና የበሬ ሥጋ ትንሹ 63 ሆኖ ከወጣ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። በእኛ ቤት ቀይ ሥጋ የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ከ80 በታች አናወጣም። መሐሉ 70 አካባቢ ሲደርስ መርፌው ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆም ይችላል። ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ከሥጋው ላይ የሚተንነው እርጥበት እንደ ላብ ሆኖ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱ ሲያልቅ መርፌው ይነሣል።

አሁን ወደ አሳዘነን ነገር እንመጣለን። የመጀመሪያው ዐረፋ ላይ፣ ለጎረቤቶቻችን የሚሰጠውን ድርሻ «ጥሬውን ከምንሰጥ አጥነን ብንሰጥ» ብለን ወሰንን። ሁለት ጭንና አንድ ወርች ነበር። ዙህር ሰግደን ሥጋውን አስገባን። ዐስር ሳይደርስ መብራት ጠፋ። «አሁን ይመጣል» አልን። ሳጥኑ ሙቀት ይይዛል፣ በሩን ካልከፈትነው ምንም አይሆንም አልን። መግሪብ ሆነ፤ አልመጣም። መብራት የመጣው ዒሻእ ሰግደን ስንመለስ ነው። ቴርሞሜትሩን ስንሰካ መሐሉ 38 ዲግሪ ነበር።

ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ጀርም የሚራባበት ነው። ሥጋ በዚህ መሐል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አንዳንድ ጀርሞች የሚተዉት መርዝ ደግሞ መልሶ በማብሰል አይጠፋም። የእኛ ሥጋ ከአምስት ሰዓት በላይ በዚህ ሙቀት ቆይቷል። መልኩ ያማረ፣ ሽታውም የወይራ ነበር። ጢሱ ላዩን እንጂ ውስጡን አልጠበቀውም።

ይጣል ስንል ሐጃ ተቆጡ። «ልጆቼ፣ የአላህን ሪዝቅ ትጥላላችሁ? ዑድሒያ'ኮ ነው! እኛ በልጅነታችን ስንት ቀን የከረመ ሥጋ በልተን ምን ሆንን?» አሉ። ኢስራፍ መሆኑን አነሡ። ንግግራቸው ልባችንን ነካው፤ ባለቤታችንም ዝም አለች። እኛ ግን የምንሰጠው ለሰው መሆኑን አሰብን። አጠገባችን ሕፃን ልጅ ያላቸው፣ አንድ ደግሞ አሮጊት ጎረቤት አሉ። በራሳችን ላይ የምንደፍረውን በእነሱ ላይ ልንደፍር አንችልም። ከግቢው ጥግ ቆፍረን ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት ማቀዝቀዣው ውስጥ ለቤታችን ያስቀመጥነውን ሥጋ አውጥተን ለጎረቤቶቻችን በጥሬው አደረስን። ለልጆቻችን የቀረው ጉበትና አጥንት ነበር።

ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አልነበረም። መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ሰዓት ሥጋውን አውጥተን በድስት፣ በከሰል ምድጃ ላይ ብንቀቅለው ኖሮ ይተርፍ ነበር። ያ ሁሉ ሰዓት ያለፈው በመጠበቅ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዐረፋ ማጠኛውን ስንለኩስ ከሰልና ሰፊ ድስት አጠገቡ አቀመጥን፤ በጧት ጀመርን፤ ግማሽ ሰዓት መብራት ከጠፋ ወደ ድስት እንዲዞር አስቀድመን ተስማማን። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ግን በሃያ ደቂቃ መጣ።

የታጠነ ሥጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በአራት ቀን ይበላል፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው በረዶ ቤት ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን ማጠኛ ገዝቶ ሥጋ አቆያለሁ ብሎ አያስብ፤ ለእሱ ደህና ደርቆ የተሰቀለ ቋንጣ ይበልጥበታል። በየሳምንቱም የሚበላ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የታጠነንና በጨው የቆየን ሥጋ ጨምሮ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። እኛ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እናጥናለን።

ከጨረሳችሁ በኋላ የስብ መቀበያውን ሳህን በዚያው ቀን እጠቡ፤ የተጠራቀመ ስብ እሳት ይይዛል፣ ጉንዳንም ይጠራል። የሳጥኑን ውስጥ ግን በሳሙና አትፈትጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ሐጃ አሁን የወይራውን ፍቅፋቂ ራሳቸው በቢላ ያዘጋጃሉ። በቀደም ዕለት ደግሞ ማጠኛው ከቀዘቀዘ በኋላ የወተት ቅላቸውን ከጢስ መውጫው ላይ ደፍተውት አገኘናቸው።