ስለ ባልጩት ጠመንጃና ስለ መለኮሻው ባሩድ

በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ በኖርማንዲ አውራጃ፣ በሊዝዮ ከተማ ይኖር የነበረው ማሬን ለ ቡርዧ የተባለው ጠቢብ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት እንደ ሠራው የሚነገርለት የባልጩት ጠመንጃ፣ ሁለት መቶ ዓመት ለሚያህል ዘመን የአውሮጳን ወታደርና አዳኝ ሲያገለግል ኖሯል። (በ1541 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር ወደ አገራችን የገቡት 400 ፖርቱጋሎች የተሸከሙት ነፍጥ ገና በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ ነበረ።) የባልጩቱ ጠመንጃ የሚጎርሰው ባሩድ ሁለት ነው፤ አንደኛው በአፈሙዙ ገብቶ እርሳሱን የሚገፋው ዋናው ጕርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከበርሜሉ ጎን በተሠራችው ትንሽ ገበታ ላይ የሚደፋው ጥቂት መለኮሻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ሁለተኛው ነው።

ምላጩ በተሳበ ጊዜ ባልጩቱን ነክሶ የያዘው ቃታ ወደ ፊት ወድቆ የገበታዋን የብረት ክዳን ይፍቃል። ብዙ ሰው እሳቱ ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እሳቱ የብረቱ ነው። ስለታሙ ባልጩት ከክዳኑ ፊት ለዓይን የማይያዝ ቅርፍት ይልጣል፤ ቅርፍቱም በፍትጊያው ግሎ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ እየነደደ ይረግፋል። ክዳኑም በዚያው ቅጽበት ተገልጦ መለኮሻውን ስለሚያጋልጠው፣ ፍንጣሪው በላዩ ሲወርድበት ቦግ ይላል፤ ነበልባሉም ስፋቷ ሁለት ሚሊሜትር በማትሞላ ቀዳዳ አልፎ ወደ ዋናው ጕርሻ ይደርሳል።

እንግዲህ ከመለኮሻው የሚፈለገው ኃይል ሳይሆን ፍጥነት ነው። በቅመሙ ከዋናው ባሩድ አይለይም፤ ሁለቱም ከመቶው እጅ 75 ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ናቸው። ልዩነቱ በቅንጣቱ መጠን ላይ ነው፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር እሳት የሚይዘው ገጽ ይበዛልና ፈጥኖ ይቀጣጠላል። ነጋዴዎቹ ባሩዱን በወንፊት ለይተው በ«ኤፍ» ፊደል ብዛት መዓርግ ይሰጡታል፤ ባለ ሁለት ኤፉ፣ ለወታደር ጠመንጃ የሚሆነው፣ የጤፍ ቅንጣት ያህላል፤ ባለ ሦስት ኤፉ ለቀጭን ጠመንጃና ለሽጉጥ ነው፤ ባለ አራት ኤፉ ደግሞ ከጤፍ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ለመለኮሻነት የተመደበ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ይበልጥ የደቀቀው ይበልጥ ይሻላል» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። በመካከለኛው ዘመን የነበረው ባሩድ ፈጽሞ ዱቄት ስለ ነበረ፣ ሲጠቀጠቅ ነበልባሉ የሚሮጥበት ክፍተት አጥቶ ቀስ እያለ ይነድ ነበር፤ እርጥበትም ቶሎ ይገባው ነበር። ጠቢባኑ ባሩዱን አርሰውና ተጭነው ካደረቁት በኋላ ሰብረው በቅንጣት መለየትን የፈለሰፉት ይህን ድካሙን አይተው ነው። በእኔ አስተያየት የዛሬ ተኳሾች ስለ ቅንጣቱ ድቀት የሚጨነቁትን ያህል ስለ ድርቀቱ ቢጨነቁ ይሻላቸው ነበር። የእንግሊዝ ወታደር እኮ የተለየ መለኮሻ አልነበረውም፤ የወረቀቱን ጥቅል በጥርሱ ቀድዶ ከዚያው ከሻካራው ባሩድ ጥቂት በገበታዋ ላይ ያፈስስ፣ ክዳኑንም ይዘጋ፣ የቀረውን በአፈሙዙ ያገባ ነበር፤ ጠመንጃውም ይተኩስለት ነበር።

ልኩንም ማብዛት አይገባም። ዛሬ ተኳሾች የሚይዟት ትንሽ የነሐስ ዕቃ አፏ በሞላ በተጫነች ቁጥር የምትሰጠው 0.2 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ይበቃል። ባሩዱ የቀዳዳይቱን ውስጥ ከሞላ ነበልባሉ በመዝለል ፈንታ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየተሳበ ስለሚሄድ፣ በምላጩና በተኩሱ መካከል ጆሮ የሚለየው መዘግየት ይፈጠራል።

የእርጥበት ነገር ግን ከሁሉ ይከፋል። ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ በጥላሸቱም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ውኃን ከአየር የሚስብ ጠባይ ስላለው፣ በእርጥብ ቀን ገበታዋ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጥቁር ጭቃ ታዝላለች፤ በዚያ ላይ የተደፋ አዲስ መለኮሻም፣ ምርጥም ቢሆን፣ እሳት አይይዝም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ከየተኩሱ በኋላ ገበታዋንና የባልጩቱን ስለት በጨርቅ ያብሳል፤ በጉዞም ላይ በቅባት የራሰ ቆዳ ያለብሳታል። ነሐሴ 26 ቀን 1813 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካትስባኽ ወንዝ ዳር የማርሻል ማክዶናልድ ፈረንሳዮችና የብሉኸር ፕሩሳውያንና ሩሶች በተገናኙ ጊዜ ዶፍ ዝናብ መለኮሻውን ሁሉ ስላረጠበው፣ በአስር ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ጠመንጃውን እንደ ጦርና እንደ ዱላ ይዞ ተፋጅቷል።

የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ገበታዋን በወርቅ፣ ቀዳዳይቱን በፕላቲን መለበጣቸው ለጌጥ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የባሩዱ ጥላሸት ብረትን በዝገት ሲበላ እነዚህን ማዕድናት አለመንካቱ ነው። መለኮሻውን ከሥሩ የነቀለው ግን ከጠመንጃ ሠሪዎች ወገን ያልሆነ ሰው ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ፣ በስኮትላንድ የበልሄልቪ ደብር ቄስ፣ የውኃ ወፍ ማደን ይወድ ነበርና፣ ወፎቹ የገበታዋን ብልጭታ አይተው እርሳሱ ሳይደርስባቸው ሲበርሩ በማየቱ ተበሳጭቶ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚነድ ቅመም የሚያገለግልበትን መሣሪያ አዘጋጀ፤ በ1807ም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የባለቤትነት መብት አገኘበት። የእንግሊዝ ሠራዊት ግን በዚህ አሠራር መታጠቅ የጀመረው በ1830ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ እስከዚያም ድረስ ወታደሩ መለኮሻውን በገበታዋ ላይ ማፍሰሱን አልተወም።